አህያ የሌለበት መንገድ

የሰው ልጅ በባሕርዩ ተከራካሪ ስለሆነ፣ የሚከራከርበት ጉዳይ ቢያጣ ከጎረቤቱ ተበድሮም ቢሆን ይከራከራል እንጂ ዝም ብሎ አያድርም። የጅማ ሰው ደግሞ አቦሉን ጠጥቶ ቶናውን፣ ቶናውን ጠጥቶ በረካውን እየጠበቀ የሚቀመጥ በመሆኑ፣ ለክርክር የሚያስፈልገው ጊዜ ከሌላው አገር ሰው ይልቅ ተትረፍርፎ የተሰጠው ይመስለኛል። እኔም ዛሬ የማወጋው፣ በጅማ መርካቶ ከጨርቃ ጨርቅ ሱቆቹ ጀርባ በምትገኝ አንዲት ጌም ቤት ውስጥ ተነሥቶ እስካሁን ፍርድ ስላላገኘ ክርክር ነው፤ ይኸውም በመኪና ውድድር ጨዋታ ውስጥ ከሚገኙት መንገዶች፣ በምድር ላይ በእርግጥ ያሉት ይበልጣሉን ወይስ ጠቢባን በሕሊናቸው ፀንሰው በሥዕል ያቆሟቸው ይበልጣሉ የሚል ነው። የሥራ ፈት ክርክር ነው የሚል አንባቢ ቢኖር አልቃወመውም፤ ነገር ግን ሥራ የበዛበት ሰው መቼ ደኅና ክርክር ተከራክሮ ያውቃል?

ጌም ቤቷ ሦስት የጅማ በርጩማ ከተሰለፈባት አራተኛውን ለማስገባት በሩን መንቀል የሚያስፈልጋት ጠባብ ክፍል ስትሆን፣ ግድግዳዋም ጣሪያዋም ቆርቆሮ ስለሆነ፣ የጅማ ዝናብ በወረደ ጊዜ የሞተሩ ድምፅ ከነጎማው ጩኸት ይዋጥና ተጫዋቹ ማርሽ መቀየሩን የሚያውቀው በእምነት ብቻ ነው። ካሉት ሁለት ጆይስቲኮች አንደኛው፣ ከአውራ ጣት ብዛት የተነሣ ላስቲኩ ተልጦ፣ ማንም ሳይነካው በገዛ ፈቃዱ ወደ ግራ የማዘንበል አመል ስላወጣ፣ በእርሱ የሚነዳ መኪና በቀጥተኛ መንገድ ላይ ሳይቀር ወደ ገደል ካልገባሁ ይላል። ባለቤቱ ግን ይህን እንዲያስጠግን በተለመነ ቁጥር «እውነተኛ መኪናስ አይስብም ወይ?» ብሎ ይመልሳል፤ ያረጀ አይሱዙ መሪ የጨበጠ ሰው ሁሉ እንደሚመሰክረው መልሱ ከእውነት የራቀ አይደለም። ከደንበኞቹ የሚበዙት ኳስ ለመጫወት የሚመጡ ናቸው፤ ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ካነሣ ወዲህማ ኳስ የማያሳስበው ሕፃን በከተማው ከቶ አይገኝም። የመኪና ውድድር የሚጫወቱት ጥቂቶች ናቸው፤ ጥቂቶች በመሆናቸውም፣ የጥቂቶች ልማድ እንደዚሁ ነውና፣ ለሁለት ተከፍለዋል።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ ጃፓን መሻገር ያስፈልጋል። ካዙኖሪ ያማውቺ የተባለው ጃፓናዊ ከባልደረቦቹ ጋር ለዓመታት ደክሞ፣ በ1997 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ግራን ቱሪስሞ የተባለውን ጨዋታ ባወጣ ጊዜ፣ መኪኖቹ በስምም በመልክም ከታወቁ ፋብሪካዎች የወጡ ሲሆኑ፣ የሚነዱባቸው መንገዶች ግን አንዳቸውም እንኳ በምድር ካርታ ላይ የማይገኙ ነበሩ። ትራያል ማውንቴን የተባለው የተራራ መንገድ፣ ዲፕ ፎረስት የተባለው የደን መንገድ፣ ግራንድ ቫሊ የተባለው የሸለቆ መንገድ፣ ሁሉም ከሰው ሕሊና የተገኙ እንጂ መሐንዲስ ችካል ያልተከለባቸው፣ የቀን ሠራተኛ ድንጋይ ያልፈለጠባቸው፣ በካሳ ክፍያም ምክንያት አንድም ገበሬ ያልተሟገተባቸው ናቸው። በ1999 ሁለተኛው ግራን ቱሪስሞ ሲወጣ በካሊፎርኒያ የሚገኘው ላጉና ሴካ የተባለው እውነተኛ መንገድ ገባባቸው፤ በ2004 ደግሞ ርዝመቱ 20.8 ኪሎ ሜትር የሆነው የጀርመኑ ኑርቡርግሪንግ በአራተኛው ላይ ተጨመረ። እውነተኛውና ልብ ወለዱም በአንድ ሲዲ ላይ ጎን ለጎን ማደር ጀመሩ። የመርካቶዋ ጌም ቤት የምታጫውተው ይህንኑ አራተኛውን ነው፤ ሌላው ዓለም ወደ ሰባተኛው ከተሻገረ ቆይቷል፤ በጅማ ግን ያልተሰበረ ነገር አይጣልም።

የልብ ወለዱ ወገን አለቃ በመርካቶ ልብስ የሚሰፋ አንድ ወጣት ነው። እርሱ እንደሚለው፣ ሕሊና የወለደው መንገድ ከማናቸውም ነውር የጠራ ስለሆነ፣ ኩርባው መቼ መምጣት እንዳለበት ያውቃል፤ ተጫዋቹ በቀጥታው መንገድ ሮጦ ልቡ መሰልቸት በሚጀምርበት በዚያች ቅጽበት መንገዱ ይጠመዘዛል፤ በጨለማው ዋሻ ውስጥ ገብቶ ትንፋሹን በያዘ ጊዜ ብርሃን ይወጣለታል፤ ይህ ሁሉ ስለ እርሱ ደስታ ተብሎ ከጥንት የተሰናዳ ነው። ደግሞም፣ ይላል ልብስ ሰፊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በትራያል ማውንቴን ላይ የሞተ ሰው የለም፤ የውድድር ነጂው ኒኪ ላውዳ በነሐሴ 1976 ከነመኪናው በእሳት የነደደበትን ኑርቡርግሪንግ መጫወቻ ማድረግ ግን በሰው ቁስል መሣለቅ ነው።

የእውነተኛው መንገድ ወገን ጠበቃ ደግሞ በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚማር፣ ከእጁ ላፕቶፕ የማይለይ ወጣት ሲሆን፣ ክርክሩን የሚጀምረው ልብስ ሰፊው ካቆመበት ከዚያው ከእሳቱ ነው። ላውዳ በተቃጠለ በስድስት ሳምንቱ ቁስሉ በፋሻ እንደተጠቀለለ በሞንዛ ተወዳድሮ አራተኛ ወጥቷል፤ እንዲህ ያለውን የሰው ልብ የፈተነ መንገድ በሥዕል ከተቀባ ተራራ ጋር እንዴት እናስተካክለዋለን? ከዚህም ይቀጥልና ስለ ሌዘር ይተርካል። በ2008 የተጀመረው አይሬሲንግ የተባለው ጨዋታ የዓለምን የውድድር መንገዶች በሌዘር መሣሪያ እየለካ፣ የአስፋልቱን ጉብታና ስንጥቅ ሳይቀር ወደ ኮምፒውተር እንደሚያስገባ፤ አሴቶ ኮርሳ የተባለውን በ2014 ያወጡት የጣሊያን ባለሙያዎችም ቢሮአቸውን ያደረጉት በሮም አጠገብ በቫሌሉንጋ የውድድር መንገድ ቅጥር ግቢ ውስጥ መሆኑን፣ ይኸውም የሠሩትን መንገድ ወጥተው በእግራቸው መርገጥ እንደሚያስችላቸው ያስረዳል። የላጉና ሴካን ቁልቁለት ያነሣ እንደሆነማ ማንም አያስቆመውም፤ በ137 ሜትር ርቀት ውስጥ 18 ሜትር የሚወርድ፣ ከላይ ሆኖ ሲታይ ሰማይ እንጂ መንገድ የማይታይበት ኩርባ ነው።

እኔ በሁለቱ መካከል ተቀምጬ ስሰማ የገረመኝ ነገር፣ የእውነተኛው ወገን እውነተኛ የሚላቸውን መንገዶች አንዳቸውን እንኳ በዓይኑ አይቶ የማያውቅ መሆኑ ነው። ከጅማ ሆኖ ሲታይ ላጉና ሴካና ትራያል ማውንቴን ርቀታቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም በዚያች በተሰነጠቀች የቴሌቪዥን መስኮት በስተኋላ ናቸው። ተማሪው በኑርቡርግሪንግ መኖር ያመነው በመስማት ነው፤ እምነቱን አልነቅፍም፣ ያላዩትን ማመን በሃይማኖት ትልቅ ጸጋ ነውና፤ ነገር ግን በዚህ አኳኋን የሚያምን ሰው የሌላውን ወገን ተረት አማኝ ብሎ ሲነቅፍ ትንሽ ቀስ ቢል መልካም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ድንገት ስለ ወረደ፣ ዕድሜአቸውን በሙሉ ከአጋሮና ከሊሙ ቡና እየጫኑ ወደ አዲስ አበባ ሲያመላልሱ የኖሩ፣ አሁን ግን ከመሪው የተለዩ አንድ አዛውንት ሾፌር ለመጠለል ወደዚያች ቤት ገቡ። ወጣቶቹ ከበርጩማው ተነሥተው አስቀመጧቸው፤ እርሳቸውም ጋቢያቸውን አራግፈው፣ ልብስ ሰፊው በዲፕ ፎረስት ሲበር ለጥቂት ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ፣

«ልጄ፣ ይህ መንገድ ወዴት ነው የሚያደርሰው?» ብለው ጠየቁ።

«የትም አያደርስም ጋሼ፤ ዞሮ እዚያው ይመለሳል።»

«ዞሮ ይመለሳል? ታዲያ ይኸ አውድማ እንጂ መንገድ ነው እንዴ? በሬም ቢሆን የሚዞረው እህል ሊወቃ ነው፤ እናንተ ምን ልትወቁ ነው?»

ማንም መልስ ስላልነበረው ጆይስቲኩን ለእርሳቸው ሰጧቸው፤ እንደ ደንቡ ለእንግዳ የሚሰጠው ወደ ግራ የሚስበው ነው። አዛውንቱ በዚያ በቀይ የውድድር መኪና በሰዓት ከአርባ ኪሎ ሜትር ሳያልፉ፣ የመንገዱን ቀኝ ይዘው፣ ወደ ግራ መሳቡንም እንደ ተለመደ ነገር ሳያማርሩ እያረሙ መንዳት ጀመሩ። ከመጀመሪያው የተሸፈነ ኩርባ በደረሱ ጊዜ ፍጥነታቸውን ቀንሰው «ክላክሱ የቱ ነው?» አሉ። ክላክስ እንደሌለው ሲነገራቸው መኪናውን ወደ ዳር አውጥተው አቆሙ፤ ክላክስ በሌለው መኪና ኩርባ አይገባም፤ ከወዲያ በኩል አንድ ሰው አህያውን እየነዳ ቢመጣስ? ተማሪው በዚህ አገር አህያ እንደሌለ አስረዳቸው። እርሳቸውም ግራና ቀኙን ደኑን አስተውለው ከተመለከቱ በኋላ፣ አህያ ብቻ ሳይሆን እረኛም፣ እንጨት የተሸከመች ሴትም፣ የታሰረ ፍየልም፣ ጎማ ሲነፋ የቆመ ረዳትም አለመኖሩን ባዩ ጊዜ ፊታቸው ጠቆረ። በሥራ ዘመናቸው፣ በጠራራ ፀሐይ ሰው ያጣ መንገድ ሲያጋጥማቸው፣ ከፊት ሽፍታ አለ ማለት ስለነበረ፣ ወደ ኋላ ዞሮ መመለስ ነው የሚያውቁት፤ ስለዚህም ሌላው ተወዳዳሪ ሁሉ ወደ ፊት ሲሮጥ እርሳቸው መኪናውን አዙረው ወደ መጡበት ነዱ፤ ቴሌቪዥኑም አቅጣጫ ስተዋል እያለ ይጮኽባቸው ጀመር።

ተማሪው፣ ነገሩ ልብ ወለድ ስለሆነ ነው እንጂ እውነተኛውን ቢያዩ ይወዱታል ብሎ ኑርቡርግሪንግን ከፈተላቸው። እርሳቸውም ጥቂት ከነዱ በኋላ «ይኸም አህያ የለውም» ብለው ጆይስቲኩን መለሱ። ሁለቱ ወገኖች ለመጀመሪያ ጊዜ እኩል ተረቱ ማለት ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ እኔ ራሴ ነገሩን ሳሰላስለው፣ እውነተኛውን መንገድ ከልብ ወለዱ የሚለየው የጉብታው ልክ ሳይሆን የኩርባው ምክንያት መስሎ ታየኝ። የልብ ወለድ መንገድ ሲጠመዘዝ ምክንያቱ አንተ ነህ፤ እውነተኛው መንገድ ሲጠመዘዝ ግን አንተን ከቶ አያውቅህም። በቤልጂግ የሚገኘውን ስፓ ፍራንኮርሻምን እንውሰድ። ከ1921 ጀምሮ ሦስት ከተሞችን በሚያገናኝ የሕዝብ ጎዳና ላይ ይካሄድ የነበረው ያ ውድድር፣ በጥንቱ የጉምሩክ ቤት ዘንድ በጣም በታጠፈ ኩርባ ያልፍ ስለነበረ፣ በ1939 ያንን ኩርባ ለመቁረጥ ሲባል በተራራው ላይ ቀጥ ብሎ የሚወጣ አቋራጭ ተሠራ፤ ዛሬ የዓለም ነጂ ሁሉ ልቡ እየደነገጠ የሚያደንቀው የኦ ሩዥ አቀበት ከዚያ ኬላ ሽሽት የተገኘ ነው። የጃፓኑን ሱዙካን ደግሞ የሆንዳ ኩባንያ ሊሠራው በተነሣ ጊዜ፣ የኩባንያው አባት ሶይቺሮ ሆንዳ የሩዝ ማሳ እንዳይነካ ስለ ከለከለ፣ መንገዱ ሜዳውን ትቶ ወደ ኮረብታው ወጣ፤ በ1962 ተከፍቶ እነሆ እስከ ዛሬ ይወደሳል። ኑርቡርግሪንግም ቢሆን በ1925 ተጀምሮ በ1927 የተፈጸመው፣ በዚያ ተራራማ አውራጃ ለነበሩ ሥራ አጦች እንጀራ እንዲሆን ተብሎ ነው። ጉምሩክ፣ ሩዝ፣ እንጀራ፤ ከእነዚህ ውስጥ ስለ ነጂው ደስታ የታሰበ አንድም የለም፤ ነጂው ግን ከልብ ወለዱ ይልቅ በእነዚህ ይደሰታል።

ስለ ኬላ ከተነሣ፣ የጅማ ሰው ለቤልጂጎች የሚያስተምረው አያጣም። የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር፣ ከ1878 ጀምረው እስከ 1932 በገዙባት በዚህች ምድር፣ ወደ አገሩ የሚያስገቡት መንገዶች ሁሉ በኬላ የተዘጉ ነበሩ፤ አባ ኬላ የተባለው ሹም በበሩ ተቀምጦ ነጋዴውን ከነጭነቱ ይመረምር፣ ቀረጡን ይቀበል ነበር፤ ከኬላው ወዲያም ሞጋ የተባለው ማንም የማይሰፍርበት ምድረ በዳ ነበረ። ያን ጊዜም ሆነ ዛሬ፣ በእኛ አገር ኬላውን ለመሸሽ ሌሊት በአቋራጭ ቡና ይዞ የወጣ ሰው፣ ስሙ በዓለም የሚወደስ ሳይሆን በፖሊስ መዝገብ የሚገኝ ነው። ይህን ለተማሪው በነገርኩት ጊዜ፣ ቤልጂጎች ያቋረጡት በቀን ነው ብሎ ተከላከለላቸው።

የሚገርመው ደግሞ፣ የልብ ወለዱ መንገዶች እየሰነበቱ እውነተኛ ለመምሰል መመኘታቸው ነው። ግራንድ ቫሊ፣ ለዓመታት ያለ አገርና ያለ ዘመድ የኖረው ያ መንገድ፣ በ2023 ወደ ሰባተኛው ግራን ቱሪስሞ ሲመለስ፣ በካሊፎርኒያ ባሕር ዳርቻ ባለው አውራ ጎዳና ላይ እንዳለ ተደርጎ ቀረበ። በሕይወት ያለ ሰው ወደ አሜሪካ ለመግባት ስንት ዓመት ተራ ሲጠብቅ፣ ያልተፈጠረ መንገድ ያለ ዲቪ ዕጣ የካሊፎርኒያ ነዋሪ ሆነ። ልብስ ሰፊው ይህን ሲሰማ፣ አጎቱ ሦስተኛ ጊዜ መከልከሉን አስታውሶ ለተወሰነ ጊዜ የልብ ወለዱን ወገን እስከ መጠርጠር ደርሶ ነበር።

እንግዲህ የእኛስ? አፍሪካ በፎርሙላ አንድ የዓለም ሻምፒዮና ታሪክ ውስጥ የገባችው በሞሮኮና በደቡብ አፍሪካ ብቻ ነው፤ ሞሮኮ በ1958 አንድ ጊዜ አስተናግዳ ቀረች፤ የደቡብ አፍሪካው ኪያላሚም ከ1993 ወዲህ ያን ውድድር አላየም። በ1953 የተጀመረው የኬንያ ሳፋሪ ራሊ ግን ከነአቧራው ከነጭቃው ወደ ጨዋታው ዓለም ገብቷል፤ በ2000 በወጣው በሁለተኛው የኮሊን ማክሬ ራሊ ኬንያ አለች፤ በ2020ው ደብሊው አር ሲ ዘጠኝም አለች። የእኛ አገር ቅኔ ጌምስ ኩኩሉ የተባለውን የዶሮ ሩጫ ጨዋታ በስልክ ላይ አውጥቶ ዶሮአችንን ከአሳዳጇ አስመልጧታል፤ መኪናችን ግን ገና ከግቢ አልወጣም። ጎረቤታችን ኬንያ ሁለት ጊዜ ስትጠራ እኛ አንድ ጊዜ አለመጠራታችን ተማሪውን ስለ ቆጠቆጠው፣ አሴቶ ኮርሳ ማንም ሰው የሠራውን መንገድ የሚቀበል ጨዋታ ነውና፣ ከጅማ እስከ አጋሮ ያለውን መንገድ በገዛ ላፕቶፑ ሊሠራ ተነሣ።

ርቀቱ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ከኑርቡርግሪንግ በእጥፍ ይበልጣል፤ ይህንንም ለሚያገኘው ሰው ሁሉ ከሰላምታ በፊት ይናገር ጀመር። ሌዘሩ ስለሌለው በስልኩ ፊልም እያነሣ፣ የመሬቱን ከፍታ ከሳተላይት ካርታ እየወሰደ፣ ብሌንደር በተባለው ፕሮግራም ላይ ይገነባል። አንድ ጓደኛው ዩሮ ትራክ ሲሙሌተርን ምሳሌ ጠቅሶ፣ የቼኮቹ ሰዎች አውሮፓን በአንድ ለ19 አሳንሰው እንደ ሠሯት፣ እርሱም እንደዚያው ቢያደርግ ድካሙ እንደሚቀልለት መከረው፤ ነገር ግን አጋሮ ከጅማ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል በማይሞላ ርቀት ላይ ብትገኝ የአጋሮ ሰዎች ራሳቸውን ችለው ከተማ መሆናቸው ሊቀር ነውና፣ ማንም ደፍሮ አልተቀበለውም።

መከራውም የጀመረው ወሬው በተሰማ ጊዜ ነው። ልብ ወለድ መንገድ ባለ ጉዳይ የለውም፤ የትራያል ማውንቴን ነዋሪ መጥቶ አቤት አይልም። የአጋሮ መንገድ ግን እያንዳንዱ ሜትር ባለቤት አለው። በመጀመሪያ የመጡት፣ በመንገዱ ዳር በተሠራ አልጋ ላይ ጀንፈል የሚያደርቁ አንዲት እናት ናቸው።

«ልጄ፣ ቡናዬን ትስለዋለህ አሉ።»

«አዎ እናቴ፤ ከነአልጋው ይታያል።»

«ተባረክ። ብቻ አደራህን፣ በዚያ በጨዋታህ ዝናብ ይዘንባል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ጀንፈሉ ሳይነሣ እንዳታዘንብብኝ።»

ተማሪው የዝናቡ ነገር በተጫዋቹ ፈቃድ እንደሆነ ለማስረዳት ሞከረ፤ እርሳቸው ግን የማያውቁት ሰው በቡናቸው ላይ የማዝነብ ሥልጣን ተሰጠው መባሉን ከቶ ሊቀበሉት ስላልቻሉ፣ በመጨረሻ ሸራ ሊያለብስላቸው ቃል ገባ። ቀጥሎ የባጃጅ ነጂዎች መጡ፤ ባጃጅ የሌለበት የጅማ መንገድ ሐሰት ነው አሉ፤ በእርግጥም ነው። ሆኖም በሥዕሉ ላይ ያለ ምልክት ሲታጠፉ እንዳይታዩ ለመኑት፤ ይህን ቢያደርግ ግን እውነተኛነቱ ከወዴት ይመጣል? ባለ ኪዮስኩ ኪዮስኩ ሰማያዊ ቀለም እንዲሆን ጠየቀ፤ ለመቀባት ያሰበው ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ ነውና።

ከሁሉ የከበደው የአዛውንቱ ሾፌር ጉዳይ ነበር። በዚያ መንገድ ላይ በወጣትነታቸው ቡና እንደ ጫኑ የተገለበጡበት አንድ ኩርባ አለ፤ በፊልሙ ላይ ሲያዩት ግን፣ ስልክ እንደ ልማዱ ገደሉን ሁሉ ሜዳ ስለሚያስመስለው፣ ሕፃን ልጅ በብስክሌት የሚያልፈው መስሎ ታያቸው። ቴሌቪዥን የኦ ሩዥንም አቀበት እንዲሁ አለስልሶ እንደሚያሳይ ተማሪው ቢነግራቸውም አልተጽናኑም።

«ኩርባው እንዲህ ከቀለለ፣ እኔ ምን ዓይነት ሾፌር ነበርኩ ሊባል ነው? አምሳ ኩንታል ቡና ሜዳ ላይ ደፋ ይበሉኝ?»

«በሳተላይቱ ላይ ያለው ይህ ነው ጋሼ።»

«ሳተላይቱ የዚያን ቀን የት ነበረ? እኔ ነበርኩ።»

በዚህ ጉዳይ እኔ የምፈርደው ለአዛውንቱ ነው፤ ሳተላይቱ የሚለካው መሬቱን እንጂ የጫነ መኪና የያዘ ሰው በዚያ መሬት ላይ ያየውን አይደለም። ተማሪውም ከብዙ ማመንታት በኋላ የገደሉን ጥልቀት ጥቂት ጨመረበት። ልብስ ሰፊው ይህን በሰማ ጊዜ ደስታው ወሰን አልነበረውም፤ እውነተኛው መንገድ ወደ ልብ ወለድ ወገን መግባቱን በጌም ቤቷ ውስጥ አወጀ።

ይህ በዚህ እንዳለ፣ በመርካቶ በኩል ካለው መነሻ አጠገብ ለውሃ ማፋሰሻ ቦይ ተብሎ መንገዱ ተቆፈረ፤ ተማሪው በብዙ ሌሊት ትጋት የጨረሰው አስፋልትም በኮምፒውተሩ ውስጥ ብቻ ያለ አስፋልት ሆነ። እርሱ ግን በዚህ ብዙም አላዘነም። ስፓም ቢሆን በ1979 ከግማሽ በላይ ተቆርጦ ዛሬ ሰባት ኪሎ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ የጥንቱን ረጅሙን መንገድ በጨዋታ ላይ እየሠሩ የሚነዱ ስንት ሰዎች አሉ፤ እነርሱ ያን እውነተኛ ነው ይሉታል። የእርሱም የጅማ መንገድ ከቁፋሮ በፊት የነበረው ነው ቢባል ምን ነውር አለው?

እርሱን ያስጨነቀው አንድ አጥር ነው። ወደ አጋሮ መዳረሻ ሁለት ጎረቤታሞች በወሰን ይካሰሳሉ፤ አንደኛው አጥሩን ወደ መንገዱ ገፍቷል፣ ሁለተኛው ገፍቷል ብሎ ከሶታል። ተማሪው አጥሩን ባለበት ሠራው። ከሳሹ ሥዕሉን በሰው ስልክ ላይ ባየ ጊዜ ለተከሳሹ ምስክር ሆነሃል ብሎ ተቆጣው፤ አጥሩን ወደ ኋላ በመለሰው ጊዜ ደግሞ ተከሳሹ፣ ገና ያልተፈረደብኝን አስቀድመህ ፈረድህብኝ ብሎ ሽማግሌ ላከበት። ሽማግሌዎቹም ቡና እየጠጡ ነገሩን ከመረመሩ በኋላ፣ ፍርድ ቤቱ እስኪወስን ድረስ በዚያ ቦታ ላይ ምንም አጥር እንዳይኖር፣ የሁለቱም ግቢ ለጊዜው ሣር ሆኖ እንዲቆይ አስማሟቸው። ስለዚህ ዛሬ በአሴቶ ኮርሳ ከጅማ ወደ አጋሮ የሚነዳ ሰው፣ ከተማዋ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው በስተቀኝ በኩል ባዶ መስክ ያያል፤ ከሳሽም ተከሳሽም የየራሳቸውን ላም እንዲያሰማራበት ተማሪውን ስለ ለመኑት፣ በመስኩ ላይ ሁለት ላሞች ቆመዋል፤ አህያም ጨምሮበታል፣ የማንም ያልሆነ።